ከሁሉ ቀድሞ የቆመው

የደጎሎ ጥቁር አፈር ለም ነው፤ አመሉ ግን ውሃ መቋጠር ነው። የጃማ ገበሬ ይህን ለማወቅ ሥልጠና አላስፈለገውም። ክረምቱ ሳይጠና ሰፋ ሰፋ ያለ መደብ ሠርቶ፣ በመካከሉ ቦይ አውጥቶ ያጠነፈፈ ሰው ስንዴውን በጊዜ ይዘራል። ያላጠነፈፈው ውሃው እስኪሸሽ መስከረምን ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ መሬቱ የሚቀበለው ሽምብራና ጓያ ነው። መሬቱ ያው መሬት፣ እጁም ያው እጅ፤ ልዩነቱ የቀን ነው።

በዚሁ አገር የግምገማ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው የምናብ ነውና ደጎሎ ውስጥ አትፈልጉት፤ ሌላ ወረዳ ሄዳችሁ ካጣችሁት ግን ንገሩኝ፣ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ።

የቡቃያ ጉዳይ ኃላፊው የዓመቱን ሪፖርት አነበቡ። የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ፦ በዕቅዱ መሠረት ተካሂዷል። ኅዳር 24፦ ከነባነሩና ከነቲሸርቱ በድምቀት ተከብሯል። ተሽከርካሪ ወንበር፦ ዕቅድ አንድ፣ ክንውን አንድ፣ መቶ በመቶ። ይህን ሲሉ በተቀመጡበት ወደ ግራ ዞሩ፣ ወደ ቀኝም ዞሩ። ወንበሩ በእርግጥም ይሽከረከራል።

አንዲት እናት እጇን አወጣች።

«ጌታው፣ አንድ ቡቃያ አለኝ። በአራት ወሩ አንገቱን አልሸከም አለ። ያኔውኑ ወደ ቢሮ ይዤው መጣሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ገና ትንሽ ነው፣ ከፍ ሲል አምጪው አሉኝ። ከፍ ሲል አመጣሁት። አሁንማ አለፈው፣ ምነው በጊዜው ሳታመጪው አሉኝ።»

«ሁለቱም ልክ ናቸው» አሉ ኃላፊው። «የፊተኛው ባለሙያ ተዛውሯል፤ የኋለኛው የመለሰልሽ መመሪያውን ጠብቆ ነው። አብሽሪ እህቴ፣ ስሙ መዝገብ ላይ አለ።»

«መዝገቡስ የት አለ?»

«ደሴ ተልኳል።»

«ቡቃያዬስ?»

«እሱም ይላካል፣ ነዳጅ ሲለቀቅ። አብሽሪ!»

«አብሽሪ» በጀት የማይጠይቅ አገልግሎት ነውና ስርጭቱ እስከ መጨረሻው ጎጥ የተሟላ ነው።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «ለመሆኑ ቡቃያዎቹን ሊያቆም የመጣው ፕሮጀክት እንዴት ሆነ?»

«ቆሟል» አሉ ኃላፊው።

አዳራሹ አጨበጨበ። ቡቃያውን ሊያቆም የመጣ ፕሮጀክት ከቡቃያው ቀድሞ ሲቆም ቀላል ውጤት አይደለም።

ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም። «ይህ ቡቃያ እንኳ ጠያቂ አጥቶ አያውቅም። ጎረቤቱ ቡና አፍልቶ ዱአ አድርጎለታል፤ ጠበልም አምጥቶለታል። ጠያቂ ያጣስ የእናንተ ቤት ነው።»

ኃላፊው ከልብ አመሰገኑ። ጽሕፈት ቤቱን ለመጠየቅ የሚመጣ ካለም፣ ከሻይ ሰዓት በስተቀር፣ በራቸው ክፍት መሆኑን ገለጹ። እናቲቱ ነጠላዋን ሰብስባ ስትቀመጥ እንዲህ ስትል ተሰማች፦

ውሃም ሥራም ቆመ አሉኝ በደጎሎ፣
ቡቃያዬ ብቻ ቀረብኝ ተንጋሎ።

የእርሻ ነገር የማይገባው ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ነገር ይጠረጥር ይሆናል። ጥርጣሬው እንዳይጠና ሕጉን ልጥቀስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአካል ጉዳተኞችን ማቋቋም የመንግሥት ሥራ ያደርገዋል፤ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን። አቅም ለጊዜው የፈቀደው ኮሚቴ ስለሆነ ኮሚቴ ተቋቁሟል። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ጉዳትን ገና በጠዋቱ ለይቶ መድረስን ከጤና መብት ጋር ደንግጎታል። ጠዋት ማለት ስንት ሰዓት እንደሆነ ኮሚቴው እየተወያየበት ነው።

ሰዓቱን ግን ገላው ራሱ ያውቀዋል። እግሩ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ በየሳምንቱ በጀሶ እየታሰረ ቢቃና፣ አብዛኛውን ጊዜ ከከባድ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ሕፃን ሁሉ እስከ አንድ ወሩ ጆሮው እንዲፈተሽ፣ መስማት ከተሳነውም እስከ ሦስት ወሩ ችግሩ እንዲለይ፣ እስከ ስድስት ወሩ እርዳታው እንዲጀመር ባለሙያዎች ይመክራሉ። ለመሥሪያ ቤት ጆሮ ቀነ ገደብ አልተቆረጠለትም።

አሜሪካኖች በ1986 እ.ኤ.አ. በሕግ በጀመሩት ሥርዓት፣ አንድ ሕፃን ከተጠቆመ በ45 ቀን ውስጥ ተመርምሮ ከቤተሰቡ ጋር የአገልግሎት ዕቅድ ሊወጣለት ይገባል። የየአካባቢው አገልግሎት ስንቱን በቀኑ እንዳደረሰ፣ ስንቱን እንዳሳለፈም በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነውር የለም፤ የሰው ገመና አይገለጥም።

ወደ እርሻችን እንመለስ። በጊዜው ያልተጠነፈፈ ማሳ ጓያ ያበቅላል ብለናል። ጓያ በችግር ዘመን ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ አንዴ ካሽመደመደ መድኃኒት የለውም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በደላንታ በኩል ያደረሰው ጉዳት በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሳይቀር ወጥቷል። እንግዲህ የዘገየ ነገር ዕዳው እንዲህ ነው፤ ያዘገየው ሌላ፣ በእግሩ የሚከፍለው ሌላ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ቢሮው ሥራ እንዲበዛበት አይደለም። ሕፃን ደጎሎም ይወለድ መካነ ሰላም፣ ለክትባት በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንቱና በ9 ወሩ ይቀጠራል። ቢያንስ አራት ጊዜ ማሳው ራሱ ተነሥቶ ወደ ባለሙያው ይመጣል ማለት ነው። መርፌውን የያዘ እጅ ካለ፣ «አንገቱን ይሸከማል? ድምፅ ሲሰማ ይዞራል? ይቀመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ አፍ ሌላ ፕሮጀክት አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ፣ የማንም ስም ሳይጠራ፣ አራት ቁጥር መለጠፍ ነው፦ ስንት ታየ፣ ስንት ተላከ፣ ስንት ደረሰ፣ በስንት ቀን። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። አራት ቁጥር ያነበበች እናት፣ የቀሩትስ የት ሄዱ ማለቷ አይቀርም። የሚያውቅ ሰው ግድግዳውን ባዶ የሚተወው ለዚህ ነው።

ስብሰባው በሰላም ተጠናቀቀ። ቃለ ጉባኤውም እንዲህ ተጻፈ።

ጥንካሬ፦ የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ከፍተኛ መሆኑ።

ድክመት፦ ቡቃያው ለመቆም ያሳየው ተነሳሽነት አናሳ መሆኑ።

የወደፊት አቅጣጫ፦ ቡቃያው በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝቶ፣ ቆሞ፣ ግለ ሂስ እንዲያቀርብ።