ጊዜው ሲያልፍ የሚወደድ

የብስራተ ገብርኤል የፊልም ካሜራ አፍቃሪዎች እርጎ ሲገዙ ለጉድ ይጠነቀቃሉ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቀን ያያሉ፤ ሁለት ቀን ብቻ ከቀረው ፊታቸውን አጨፍግገው ይመልሱታል። ፊልም ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀኑ ካለፈ አሥር ዓመት የሞላው ጥቅልል ከተገኘ ዋጋ አይከራከሩም።

ፊልሙ የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ነው። ድሮ መድኃኒትና ጫማ ይታዘዝ ነበር፤ አሁን «አክስቴ፣ አደራ፣ በኤክስሬይ እንዳታሳልፊብኝ!» ይባላል። ምስኪኗ አክስትም በየኤርፖርቱ ከፈታሽ ጋር ስትሟገት ትመጣለች።

ቀኑ ሳያልፍም ከሚወደዱት አንዱ ሲኒስቲል 800ቲ ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ውስጡ የኮዳክ የሲኒማ ፊልም፣ ቪዥን3 500ቲ ነው። የሲኒማ ፊልም በ400 ጫማ ጥቅልል ይሸጣል፤ 36 ፎቶ በሚያነሳ ቁመት ቢቆራረጥ 70 ያህል ይወጣዋል። ከጆንያ ተሸምቶ በላስቲክ እየተቋጠረ የሚቸረቸር በርበሬ በሉት። ታዲያ በተራ ፎቶ ቤት ኬሚካል እንዲታጠብ፣ ጀርባው ላይ የነበረው ጥቁር የካርቦን ሽፋን አስቀድሞ ይነሳለት ነበር። ኮዳክ ያን ሽፋን የቀባው ብርሃን ከጀርባ ነጥሮ እንዳይመለስ ነበር። ሽፋኑ ሲነሳ በየመብራቱ ዙሪያ ቀይ ጸዳል ይፈጠራል፤ የሳር ቤት መንገድ መብራት ሁሉ አክሊል ደፍቶ ይወጣል። መሐንዲሶች ለማጥፋት የደከሙበትን እንከን ልጆቻችን ጨምረው ይገዙታል።

ዕድሜያቸውን በፎቶ ቤት የፈጁ አንድ ጋሼ ጊዜው ያለፈበት ፊልም እንደሚወደድ ሰምተው ሳቁ፦ «እኛኮ ቀኑ ያለፈበት ፊልም ከሸጥን እንሰደብ ነበር!»

ከሁሉ የሚብሰው ኮዳክሮም የሚባለው ፊልም ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2009 ማምረቱን አቆመ፤ የመጨረሻው አጣቢ፣ ካንሳስ ያለው ድዌይንስ ፎቶ፣ በ2010 ማብቂያ መቀበሉን ተወ። ዛሬ ቢያነሱበት ቀለሙን የሚያወጣ ፎቶ ቤት የለም። እሱ ግን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቅቤው ጎን፣ በክብር ተቀምጧል። እናት «ይሄ መድኃኒት ነው?» ቢሉ «ኧረ እንዳትነኪው!» ይባላሉ።

«ታዲያ መቼ ልታነሳበት ነው?» ሲባል መልሱ «ለልዩ ቀን» ነው። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ይደርሳል፤ ምዕመኑ ነጭ ለብሶ ይወጣል፤ እልልታው ይቀልጣል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ያነሳል፤ «እንዲህ ያለ ፊልም እንዴት ይባክናል?» ይላል። ፋብሪካው ማምረት አቆመ፤ ልጁ ደግሞ ማንሳት።