ጋቢዎ ይጠየቅ

የአርሲ ሮቤ ብርድ ከጋቢ ጋር አይደራደርም። ፀሐይ ወጣ ስትል ግን ግድግዳ የተደገፈ ሸንጎ ይሰየማል። ያን ጠዋት ከሳሹ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ተከሳሿ ፔኒሲሊን። ጠበቃዋ ደግሞ ከአዳር የወጣች ሲስተር።

«መርፌ ሊገድለኝ ነበር!» አሉ ጋሼ። «በእግሬ ሄጄ ተወጋሁ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንዘፈዘፈኝ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ጎረቤት ቡና የሚወቀጥ መስሎት ስኒ ይዞ መጣ!»

«ሦስት ጥርስ ይህን ያህል ከጮኸ፣ ሙሉ ቢሆንማ ዕድርተኛው በተሰበሰበ!»

«ቀልጂ! ደግሞ 'ግርሻ ነው፣ የቅማል ትኩሳት' አላችሁኝ። እኔና ቅማል ምን አገናኘን?»

«ጋቢዎ። እዚያ ላይ ያለው ቅማል የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ምንም አልቀረው።»

«የጦር ሰፈር በሽታ ነው ሲባል ነው የምሰማው። አርሲ ምን አለው?»

«አሰላ ሆስፒታል የታከሙ 389 የግርሻ ሕሙማን ጥናት በ1993 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሁሉም ወታደር ናቸው?»

«እሺ፣ ነክሶኝ ይሆናላ!»

«ነክሶ ቢሄድማ ምን ነበረበት! እርስዎ በሁለት አውራ ጣት ጥፍር 'ጧ!' አደረጉት። ተሐዋሲው ከቅማሉ ፈሳሽ ጋር ወጥቶ በቧጨሩት ቆዳ ገባ። ቅማል ከሞተ በኋላ ደሙን የሚመልስ ባላጋራ ነው።»

«ያንቀጠቀጠኝ ግን መርፌው ነው!»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! መርፌው ተሐዋስያኑን ሲፈጃቸው ስብርባሪያቸው ደም ውስጥ ይበተናል። ይህን ያየ የገዛ ሰውነትዎ 'ኡኡ!' ይላል። ጯሂዎቹ ሳይቶካይን ይባላሉ፤ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6፣ ኢንተርሉኪን 8። ትኩሳቱን የሚሰቅሉት፣ የደም ግፊቱን የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። ሌባው ተይዟል ጋሼ፤ እርስዎን የረገጠዎት ለእርዳታ የመጣው ጎረቤት ነው።»

«ማን ቆጠራቸው?»

«ንጉሤና ባልደረቦቹ። በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ17 የግርሻ ሕሙማን 14ቱ ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው እንደ እርስዎ ተንዘፍዝፈዋል። በዚያው ሰዓት ቲኤንኤፍ ሐኪም ቤት ሲገቡ ከነበረው ወደ ሰባት እጥፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 ወደ ስድስት እጥፍ፣ ኢንተርሉኪን 8 ወደ አራት እጥፍ አሻቀቡ።»

«ሰባት እጥፍ? ይሄማ የጤፍ ዋጋ ነው!»

«ጤፉስ ሲወጣ ወጣ ነው፤ እነዚህ ግን መልሰው ይወርዳሉ። ለዚህ ነው 'ከመርፌው በኋላ ተኝተው ይቆዩ' ያልንዎት። እርስዎ በግ ገበያ ሄዱ።»

«የጯሂውን አፍ መያዝ አይቻልም?»

«ተይዟል! በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ላይ ከፔኒሲሊኑ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቲኤንኤፍን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሰጡ። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ ተንዘፈዘፉ፤ ከተሰጣቸው 20 ግን 10 ብቻ። መድኃኒቱ ከምን እንደተገኘ ያውቃሉ? ከበግ!»

ጋሼ ቀና አሉ። «ከበግ? እኛን አርሲዎችን ታዲያ እንዴት ቀደሙን?»

«በጉን በልተን ቅማሉን አረባንና!»

«በይ የበጉን መርፌ ስጪኝ።»

«ለግርሻ የዘወትር ሕክምና አልሆነም። የዚያው ወገን መድኃኒቶች ዛሬ ለመገጣጠሚያ ብግነት ይታዘዛሉ፤ ዋጋቸው ግን በጉን ከነመንጋው ያሸጣል። ለእርስዎ የሚያዋጣው የፈላ ውኃ ነው። ጋቢውን ይቀቅሉት።»

«ጋቢዬ ከተቀቀለ ያልቃል!»

«ካልተቀቀለ እርስዎ ያልቃሉ።»

ጋሼ ምስክር ፍለጋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞሩ። ሸንጎው አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ ሦስት ክንድ ፈቀቅ ብሎ ፀሐዩን ይሞቃል።