ሲስተም አለ፣ ሲስተም የለም

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ መጀመሪያ ያፈለቀውን ሰው ባውቀው ሐውልት አቆምለት ነበር። ከባንክ እስከ ቀበሌ፣ ከውኃ ክፍያ እስከ መንጃ ፈቃድ፣ በሁለት ቃል ክርክር የሚዘጋ ሌላ መልስ በአገራችን አልተገኘም። ሠራተኛው ምሳ ሊወጣ ሲያስብ ሲስተም የለም፤ ካዝናው ሲሳሳ ሲስተም የለም፤ የሚፈርመው ሰው ለቅሶ ሲሄድ ሲስተም የለም። ባለጉዳዩም አይሟገትም። በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ነገር በምን አፉ አለ ይላል?

እኔ ሮብ ገበያ የሄድኩት እንግዲህ ይህን የማይታይ ነገር ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጡ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱን ከዚያው ነው የምትቀበለው። ገበያዋ ሮብ ነው። ድንቹን፣ ገብሱንና በጉን የሸጠ ገበሬ ገንዘቡን ሊያስቀምጥ፣ ሌላው ሊያወጣ፣ ሁሉም በዚያው ቀን፣ በዚያው መስኮት ይሰለፋል። የጠራኝ መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚያስቀምጥና የሚያበድር ነው፤ ስሙ ይቆየኝ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። አንድ ቴሌቪዥን ይሰቀላል፤ ከጀርባው ራዝቤሪ ፓይ የምትባል መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር ትለጠፋለች። እሷ በየጥቂት ሰከንዱ ሰርቨሩን «አለህ?» ትለዋለች። «አለሁ» ካለ አረንጓዴ፣ እየተንጠራራ ካለ ቢጫ፣ ዝም ካለ ቀይ። ይህን የ«አለህ፣ አለሁ» ፕሮግራም ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ውስጥ ጻፈውና ፒንግ አለው። ሰውየው ጎጃሜ ቢሆን ኖሮ ከብቱ ደኅና፣ ልጆች ደኅና፣ ዝናቡስ እንዴት ነው ሳይል አይመለስም ነበርና የዓለም መስመር ገና ያኔ በተጨናነቀ።

ግድግዳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀለም ተቀብቶ ብሎኬት ቢመስልም ድሪሉ ሲገባ ጭድ ይዞ ወጣ፤ ፊሸሩም ከነጭቃው ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑ ቢሯቸው ውስጥ እንዲሰቀል ይፈልጋሉ። ገንዘብ ከፋዮቹ ባለጉዳይ የማያየው የትም ቦታ ይሁን ባይ ናቸው። ዘበኛው ጋሼ በዱላቸው ግድግዳውን እየኳኳ ዞሩና አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ሲለወጥ ቆሙ። «ምሰሶው እዚህ ነው፣ ኢንጂነር።» ደህና የባሕር ዛፍ ምሰሶ ነው፤ ያለውም ልክ ከተራ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት። ስብሰባ የማይፈታውን ባሕር ዛፍ ፈታው።

ሲበራ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሣጥኖች ተደርድረው ታዩ። ሥራ አስኪያጁ ብድግ አሉ። ባንዲራ መስሏቸው ነው።

ከቀለሙ ይልቅ ያስቸገረን ሰዓቱ ነው። ሰርቨሮች በልማድ በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚቆጥሩት፤ ሰሌዳውም ይህንኑ ይዞ መጣ። ግሪንዊች ከእኛ በሦስት ሰዓት ይዘገያል፣ የፈረንጁ አቆጣጠር ደግሞ ከሐበሻው በስድስት ይቀድማል። ሁለቱ ሲጣፉ፣ እኛ ቀን ስድስት ሰዓት በምንልበት ጊዜ ግድግዳው 9:00 ይላል። ቀኑ ሮብ ነው፤ ጋሼ ደግሞ እስከ ዘጠኝ የሚጾሙ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩ፣ ዱላቸውን አስደገፉ፣ ምሳቸውን ፈቱ። ከዚያ ወዲያ ያለው በእሳቸውና በንስሐ አባታቸው መካከል ነው።

መፍትሔው ሰሌዳውን አርጀንቲናዊ ማድረግ ሆነ። የቦነስ አይረስ ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ይዘገያልና ቁጥሩ ከሐበሻ ሰዓት ጋር አንድ ሆኖ ይገጥማል፤ እዚያ ጠዋት ዘጠኝ ሲል እዚህ ቀን ዘጠኝ ነው። ቀኑም የሚለወጠው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሲነሣ ነው፤ ይህንንማ እንዲያውም ከፈረንጁ ይልቅ ልክ ሆኖ አገኘሁት። ጋሼ ምሥጢሩ ሲነገራቸው «ለካ የሜሲ አገርም እንደኛ ነው የሚቆጥር» ብለው ተደሰቱ፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ራዝቤሪ ፓይዋ ሌላም ጠባይ አላት። ይችኛዋ የራሷ ሰዓት ቆጣሪ ባትሪ ስለሌላት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኔትወርክ እስክታገኝ ድረስ መብራቱ ከጠፋበት ሰዓት አካባቢ ነው የምትቀጥለው። ማታ የጠፋ መብራት ጠዋት ሲመጣ ግድግዳው ገና ትናንት ነው። አርፍደው የሚገቡ ሠራተኞች ስለዚህች ማሽን ክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሮብ ሮብ ጠዋት መስመሩ ይጨናነቅና ይቀላል፤ ገበያው ሲበተን፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ አረንጓዴ ይሆናል። ይህን የታዘቡ አንድ አዛውንት «ይች ማሽን ጿሚ ናት» አሉ።

ትልቁ ጉድ የመጣው ግን ከቀዩ ሳይሆን ከአረንጓዴው ነው። መስመሩ ድንገት ተቆርጦ ሰሌዳው ራሱ ሲደርቅ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ሥዕል ነው፤ የመጨረሻው ሥዕል ደግሞ አረንጓዴ ነበር። ከፋይዋ በመስኮቱ «ሲስተም የለም» ትላለች፤ አግዳሚው ወንበር በአንድ አፍ «ኧረ አረንጓዴ ነው!» ይላል። ባለጉዳይ ማስረጃ ይዞ ሲከራከር ያየሁት ያኔ ነው፤ ማስረጃው ሐሰተኛ መሆኑ ነው እንጂ። ስለዚህ አራተኛ ቀለም ተጨመረ፦ ሰሌዳው ካልታደሰ ሣጥኑ ግራጫ ይሆናል።

«ግራጫው ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ አዛውንቱ።

«ይኑር አይኑር አይታወቅም ማለት ነው፣ አባቴ።»

«እሱንማ ያለ ቴሌቪዥንም እናውቀው ነበር።»

ፈረንጆችም ቢሆኑ የጀመሩት ከዚህ በማይሻል ነገር ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሊቃውንት ደረጃ ወርደው ባዶ የቡና ማፍያ ማግኘቱ ቢሰለቻቸው ካሜራ ደቅነውበት ከየጠረጴዛቸው ይሰልሉት ጀመር። በ1993 ኢንተርኔት ላይ አወጡት፤ ዓለምም ጉድ ብሎ አየው። በ2001 ካሜራው ሲዘጋ ማፍያው በጨረታ 3,350 ፓውንድ አወጣ፤ የገዛውም የጀርመኑ የዜና መጽሔት ሽፒግል ነው። ከእኛ መሥሪያ ቤት አጠገብ ያለችው ቡና አፍይ ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ማንከሽከሻ ትሠራዋለች፤ ቡናው ተቆልቶ ሲሸት ሰልፈኛው ራሱ ይነቃነቃል።

ወሩ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ለበላይ አካል የሚላክ ቁጥር ፈለጉ። በሙያው ወግ ሰርቨር በዓመት 99 በመቶ ሠራ ከተባለ የጠፋው ሦስት ቀን ተኩል ያህል ነው፤ ጳጉሜን እንኳ አይሞላም። ኩሩዎቹ ደግሞ 99.999 ይላሉ፤ ያ በዓመት አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ አቦል አይጠጣበትም። የእኛን ቁጥር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«መብራት የጠፋበትን አውጣ። ኔትወርክ የተቋረጠበትንም። ሮብንም አውጣ፣ ሮብ ልዩ ቀን ነው። አሁን ስንት ሆነ?»

«መቶ።»

«እሱን ጻፈው።»

ጻፍኩት። ሪፖርቱ የተወደደ መሰለኝ፤ ብዙም ሳይቆይ የአጎራባች መሥሪያ ቤት ኃላፊ መጥተው ሰሌዳውን ከግራ ከቀኝ ዞረው አዩት፤ ለእኛም ይሠራልን አሉ። ዋጋውን ነገርኳቸው። አገጫቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና፣

«ቀዩን ብትተወው ስንት ይቀንሳል?» አሉኝ።