ባለቤቱ የበዛ ፀጉር

ፀጉሬ የበቀለው በእኔው ራስ ላይ ቢሆንም ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው። ትንሽ አደግ ካለ እናቴ «አጠር አርገውና ሰው ምሰል» ትለኛለች። ሳሳጥረው ደግሞ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ምነው፣ ከሳህ?» ይሉኛል። አባቴማ ባየኝ ቁጥር «ዱርዬ» ሳይል አያልፍም። ሳሎን በተሰቀለው የወጣትነት ፎቶው ላይ ግን አፍሮው ከፍሬሙ ሊወጣ ምንም አልቀረው፤ ከሸሚዙ ኪስም ሚዶ ብቅ ብሏል። «ይሄስ?» ስለው «ያ ትግል ነበር» አለኝ። ለካ በ1960ዎቹ ተማሪው ፀጉሩን ያሳድግ የነበረው ለመሬት ላራሹ ኖሯል!

ሳቅ ይሳቅበት እንጂ እውነት አለው። በዚህ አገር የወንድ ፀጉር ለመልክ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጣሊያን ሲገባ ዱር ቤቴ ያሉት አርበኞች በጎፈሬያቸው ይታወቁ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ሹሩባማ የንጉሥም የጦረኛም ምልክት ነበር። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ፤ ለንደን ካለ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። የሞተ ሰው ፀጉር እንኳ ይህን ያህል ይግባኝ ካለበት የቁሙ ሰው ፀጉር ሰላም ያገኛል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

እኔ የፈለግሁት ግን ትግልም ዘውድም አልነበረም፤ በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ማማር ብቻ። ሚዜ ነበርኩ። ሱፋችንን አንድ ዓይነት ካሰፋን በኋላ ከሚዜዎቹ አንዱ «ፀጉራችንም አንድ ዓይነት ይሁን» አለና ጎኑ እየሳሳ የሚወርደው ፌድ ተወሰነ። ለእነሱስ ይሁን፤ የእኔ ግንባር ግን እንደ ክፉ ጎረቤት በየዓመቱ ድንበር ይገፋል።

በሠርጉ ዋዜማ ፀጉር ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፖስተር ሙሉ ጎረምሳ ነው፤ አንዳቸውም ግንባራቸው አልሸሸም። ከመካከላቸው የሚያምረውን መርጬ በጣቴ አሳየሁት። አስተካካዩ ማስቲካውን እያላመጠ አገጬን ያዝ አድርጎ በመስታወቱ ውስጥ ግራና ቀኝ አዟዟረኝ።

«ብሮ፣ ያ ልጅ ፊቱ ረጅም ነው። ያንተ ክብ ነው። ጎኑን ከሞላነው ጭራሽ ይሰፋል። ጎኑን አሳንሰን ላዩን ትንሽ ከፍ ብናደርገው ፊትህ ረዘም ይላል። ግን በጣም እንዳይረዝም፤ ፀጉር ሲረዝም የሸሸውን ግንባር አይደብቅም፣ ያጋልጣል።»

ስለ ፀጉሬ ብዙ ሰው ተናግሯል፤ ምክንያት ሰጥቶ የተናገረ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። አመንኩት። ማሽኑን በአልኮል ጠረገ፤ ላሽ የሚፈራ ሰው ይህን ሳያይ ራሱን አይሰጥም። ስድስት ሚሊ ሜትር ግድም በምታስቀረው በሁለት ቁጥር ጀምሮ ወደ ጆሮዬ እየወረደ እስከ ዜሮ አሳሳው። ቀኙ አለቀ። ወደ ግራ ሲዞር መብራት ሄደ።

«አሁን ይመጣል» አለ። አልመጣም። «ቻርጅ የሚደረገዋ ማሽንስ?» ብለው «እሷን ጠዋት ጨረስናት» አለኝ። ነጩን ጨርቅ እስከ አንገቴ እንደለበስኩ ስብሰባው ተጀመረ። ወረፋ የሚጠብቀው «በመቀስ ይጨረስ» አለ። አስተካካዩ «በመቀስ ዜሮ አይወጣም» አለ። ለወሬ ብቻ የገባ አንድ ሰውዬ «ኮፍያ አድርጎ ይሂድ» አለ። በመጨረሻ በር ላይ የተቀመጠው ሊስትሮ፣ ብሩሹን ከጫማው ሳያነሣ፣ «ሙልጭ ይበላ!» አለና ነገሩ በሙሉ ድምፅ አለፈ። የራሱን ባለቤት የጠየቀ የለም። ምላጭ ወጣ፤ አረፋ ተቀባሁ።

ሲያበቃ አንገቴን በብሩሽ አራግፎ «ጨርሰናል፣ ጋሼ» አለኝ። ብሮ ሆኜ ተቀምጬ ጋሼ ሆኜ ተነሣሁ። ፀጉር በወር ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ሠርጉ ደግሞ ነገ ነው።

እንግዲህ በእኛ አገር በድንገት ራሱን ሙልጭ አድርጎ ብቅ ያለ ሰው ሐዘንተኛ ነው። ከሙሽራው ጎን ቆሜ ሳጨበጭብ፣ ከሙሽሪት ወገን አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ትክ ብለው አዩኝና ወደ ሙሽራው ጠጋ ብለው «እኔን! ማን ሞተበት?» አሉ።

«ፀጉሩ» አለ ሙሽራው።

ዘፈኑ ይሁን ሐዘኑ አላሰማቸውም። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉኝ። ምን ይባላል? «አሜን» አልኩ።

ምሳ ላይ አንድ ራሰ በራ አዛውንት ወንበር ስበው «ና እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ። «ደግ አድርገሃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከጆሮዬ በላይ ያለችውን ፀጉር ወደ መሃል ሳበጥር ኖርኩ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሥራዬን ትቼ እሷን ስሰበስብ! እንኳን አንተ በጊዜ ተገላገልክ» ብለው ቁርጣቸውን ወደ እኔ ገፉልኝ። በዚያ ቀን ስለ መልኬ የሰማሁት ብቸኛው ደግ ቃል እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚያምርብኝን ፍለጋ ፖስተር ላይ አላፈጥም። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ «ጎኑ አጠር፣ ላዩ አጠር፣ ምክሩም አጠር» እላለሁ። ከመቀመጤ በፊት ግን ማሽኗ ቻርጅ መደረጓን እጠይቃለሁ።