ሰሊጥ ማሳ የገባው ደብተር

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ትምህርት ቤት የሚከፈተውና ሰሊጥ የሚደርሰው በአንድ ሰሞን ነው። ሰሊጥ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ፍሬውን ያቀፈው ሽፋን ሲደርቅ ከአናቱ ይሰነጠቅና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዘገየ ገበሬ የክረምት ልፋቱን ለአፈር ይገብራል። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ፣ ከመተማ እስከ ቋራ፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ማሳ ነው። ማጨድ፣ ማሰር፣ ነዶውን አቁሞ ማድረቅ፣ ከዚያ ሸራ አንጥፎ ዘቅዝቆ ማራገፍ። ልጆችም እዚያው ናቸው። ትንንሾቹ ውሃ ያቀርባሉ፣ ጠና ያሉት ያጭዳሉ። ምዝገባው፣ የመጽሐፍ እደላውና የየትምህርቱ የመጀመሪያ ምዕራፎች የሚያልቁት በእነዚያው ሳምንታት ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚበረታው ወባም ማሳ ያልሄደውን ልጅ አልጋ ላይ ያውለዋል። “የቆላ ልጅ ትምህርት አይወድም” ሲባል ስሰማ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው። በኅዳር ክፍል የገባ ልጅ ሒሳብን ከመሃል ጀምሮ ነው የሚያገኘው።

እህቴ ገንዳ ውሃ ነው የምትኖረው፤ የቀድሞውን ስም የለመዱ ሰዎች አሁንም ሸህዲ ይሏታል። በጥቅምት እኔ ወዳለሁበት ወደ ጎንደር ደወለችልኝ። “እታለም፣ እኔ ሱቅ ነኝ፣ አባታቸው ማሳ ነው፣ የልጆቹን ደብተር ገልጦ የሚያይ ሰው የለም። እስኪ ነይልኝ” አለች። ሦስት ልጆች አሏት። ትልቁ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ክልል አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል። መካከለኛዋ አምስተኛ፣ ትንሹ ሁለተኛ። የሚያስጨንቃት ስምንተኛ ክፍል ብቻ አይደለም፤ አሻግራ ታያለች። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን በሬዲዮ ሰምታ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከአፏ አይጠፋም። “ከመቶ ሦስት! የኔ ልጅ በየት በኩል ሦስቱ ውስጥ ይገባል?” ትላለች።

ከአዘዞ ተነስቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር አድርጎ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደጋው እያለቀ ሲሄድ ሰው አንድ በአንድ ጋቢውን እያወለቀ ያጥፋል። መንገዱ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የተከፈተበት ከተማ ውስጥ ያለ ልጅ ዕድለኛ ነው። እህቴም ይህንን ስለምታውቅ ነው አንድም ቀን እንዲባክን የማትፈልገው።

ስደርስ የልጆቹ ደብተሮች ፌስታል ውስጥ ተደባልቀው፣ ፌስታሉ ከሽንኩርት ጆንያ ጀርባ ተሰክቶ አገኘሁት። ማታ መብራት የለም። ቢኖርም ቤቱ ውስጥ በሙቀቱ መቀመጥ አይቻልም፤ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበር ዘርግቶ ነው የሚተኛው። “ማታ አጥና” የሚለው የደገኛ ምክር እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ሰዓቱን አዞርነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ሊገልጥ ሲል፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ይነሳሉ። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር የሣጥን ጠረጴዛ አቆምን፤ ግንቡ ላይ ሦስት ሚስማር መትተን ለየልጁ አንዳንድ ቦርሳ ሰቀልን። ያ ሚስማር ከማንኛውም ምክር በላይ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ደብተሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ልጅ ጠዋት ሲፈልግ አያለቅስም፣ አይደበደብም፣ አይረፍድበትም።

መካከለኛዋን ልጅ ግን ያስቸገራት ሌላ ነገር ሆነ። ጎረቤት የተከራዩ የሱዳን ሰዎች ነበሩ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ ዮሐንስ በኩል ከገቡት ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው፤ ከእህቴ ልጅ ጋር እኩያ፣ ሒሳብ ላይ ፈጣን። በገበያ ዐረብኛና በአማርኛ እየተግባቡ አብረው ይሠራሉ። አንድ ቀን የማባዛት የቤት ሥራዋ ሙሉ በሙሉ በቀይ ተሰርዞ መጣ። ሰባት በስምንት ሲባዛ የሚለው ላይ ዜሮ ሰባት ተጽፏል። ልጁን ጠርተን ስናሠራው ነገሩ ገባን፦ እሱ የሚጽፈው በሱዳን ትምህርት ቤት በተማረው አኃዝ ነው። የእነሱ አምስት ክብ ነው፣ የእኛን ዜሮ ይመስላል፤ ስድስታቸው የእኛን ሰባት ይመስላል፤ ዜሯቸው ነጥብ ናት። ሃምሳ ስድስት ብሎ በትክክል ጽፎላታል፣ እሷ ያየችውን ገልብጣለች። ያን ጠዋት አንድ ወረቀት ላይ የሁለቱን አኃዝ ጎን ለጎን ጽፈን ግንቡ ላይ ለጠፍን። ከዚያ በኋላ መልስ መስጠት ቀርቶ መንገዱን በአፍ ማስረዳት ሆነ ሕጉ፤ “እንዴት መጣ?” ተባብለው ነው የሚጽፉት። የዚያ ልጅ ነገር ግን አሁንም ያሳስበኛል። ችሎታው ሙሉ ነው፣ የሚገባበት ክፍል ነው ያጣው።

ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። ትልቁ ቅዳሜና እሁድ አባቱን ሊያግዝ ማሳ ይሄዳል፤ ለማጥናት ብሎ የሳይንስ ደብተሩን ይዞ ሄዶ እዚያው ትቶት መጣ። በሚቀጥለው ሰኞ ፈተና አለ። መጽሐፉን ክፍል ውስጥ ለብዙ የሚካፈሉት ስለሆነ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን የገለበጠበት ደብተር ነው መጽሐፉ። አባቱን በስልክ እንዳንጠይቅ ማሳው ኔትወርክ የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኛና ውሃ የሚያመላልስ ትራክተር ተሳቢ ላይ ከልጁ ጋር ወጣሁ።

ሌሊቱን ወቅቱን የሳተ ዝናብ ጥሎ ነበር። ዋልካ አፈር ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ደግሞ ጎማ ይይዛል። ተሳቢው መሃል መንገድ ላይ ሰጠመ። ወርደን ገፋን፣ የማሽላ አገዳ ከጎማው ሥር ጎዘጎዝን፣ ሌላ ትራክተር እስኪመጣ በፀሐይ ተቀመጥን። ስልኬም እዚያው ባትሪው አለቀ። የሠራተኞቹ ካምፕ ስንደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር።

ደብተሩ አልጠፋም፤ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው እጅ ነበር። ከፊት በኩል የልጁ ጽሑፍ አለ። ከኋላ በኩል ግን ገጽ በገጽ የሠራተኞች ስም፣ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ያጨደው መሬት፣ የወሰደው ቅድሚያ ክፍያ፣ አንዳንዱ ጋ የአውራ ጣት አሻራ። መዝገብ የሚሆን ወረቀት ሲያጡ ያገኙት ደብተር ላይ ጀምረዋል። ካቦው ጠና ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። “እትዬ፣ የልጁ መሆኑን አላጣሁትም” አለኝ። “ግን ይሄ የሰው ላብ ነው። ሒሳብ እስኪዘጋ ከእጄ ቢወጣ ነገ ማን ያምነኛል?” እውነት አለው። ከበለሳ፣ ከጋይንት፣ ከጎጃም ድረስ ወርደው በፀሐይ የዋሉ ሰዎች ገንዘብ እዚያ ላይ ነው ያለው። “እስኪጨልም ድረስ ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ያንብበው” አለ። ትራክተሩ የሚመለሰው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ መገልበጫ ወረቀት ቢኖር ኖሮ መዝገቡም ደብተሩ ላይ ባልተጻፈ።

ልጁ ብርሃን እስኪጠፋ አነበበ። ከዚያ ካቦው ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከራስጌው ሥር አደረገው። እሳቱ ላይ ቂጣ እየተጋገረ ነው። በአካባቢው ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። አንዱ ከበለሳ የመጣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ለደብተርና ለልብስ የሚሆነውን ሊያገኝ ወርዶ እሱም ምዝገባ እያለፈበት ነው። በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል። “ደብተር ምን ያደርግልሃል? ያነበብከውን ለኛ ንገረን” አለው።

ትምህርቱ ስለ ወባ ነበር። የእህቴ ልጅ ተነስቶ እንደ ውኃ አንበለበለው፦ ወባ በሴቷ አኖፊለስ ትንኝ ይተላለፋል፣ መከላከያው ይኸና ይኸ ነው። አንድ ሠራተኛ ከእሳቱ ማዶ፣ “ታዲያ ትንኟ በሽታውን ለኛ ትሰጠናለች ወይስ ከኛ ትወስዳለች?” ሲል ጠየቀ። ልጁ ዝም አለ። ደብተሩ ላይ “ይተላለፋል” ይላል እንጂ ከየት ወደ የት እንደሆነ አስቦት አያውቅም። ቆይቶ፣ “ሁለቱም መሆን አለበት” አለ። “ከታመመ ሰው ስትመጥ ትወስዳለች፣ ሆዷ ውስጥ ያድጋል፣ ሌላ ሰው ስትነክስ ትሰጣለች።” ሰውየው አሰበና፣ “እንግዲያው የታመመው ሰው አጎበር ውስጥ ካልገባ ጤነኛውም አይተርፍ” አለ። ይህንን መምህሩ እንኳ አልነገራቸውም ነበር። ቀጥሎ ስለ ካላዛር ተጠየቀ። ከደጋ ወርደው በግራር ዛፍ ሥር በተሰነጠቀው መሬት ላይ የሚያድሩት ሠራተኞች የሚያስፈራቸው በሽታ እሱ ነው፤ የምታስተላልፈውም ትንኝ ሳትሆን የአሸዋ ዝንብ ናት። ልጁ ስለ ካላዛር አልተማረም። “መምህሩን ጠይቄ እነግራችኋለሁ” ብሎ ቃል ገባ።

የበለሳው ልጅ ያደረገው ከየትም ያመጣው አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ የቀን ነው፣ የቃል ትምህርት የማታ ነው። ማታ መብራት አያስፈልገውም፤ ተማሪው በጨለማ ለመምህሩ ወይም ለቀደመው ተማሪ በቃሉ ይሰጣል፣ ሲሳሳት ይታረማል። የዚህን ዘዴ ጥቅም የሚያሳይ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንብቦ ሳያይ እንዲያስታውስ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈትኗቸው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ያስታወሱት በለጡ። ልጆቻችን ለፈተና ሲያጠኑ የምናያቸው ደብተር ላይ ተደፍተው ነው፤ ገጹን ስለለመዱት ያወቁት ይመስላቸዋል። ደብተር ደጋግሞ ከመግለጥ ይልቅ ዘግተው ለሰው መናገር ይሻላቸው ነበር። ሰሚው ደግሞ መምህር መሆን የለበትም። ያን ሌሊት የጠየቀው ሠራተኛ ስሙን በጣቱ አሻራ የፈረመ ሰው ነው።

ገንዳ ውሃ ስንመለስ ይህንን ለእህቴ አማት ነገርኳቸው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኩራዝ ፊደል ቆጥረዋል፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። “እኔ ምን አውቄ?” አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ግን ማታ ማታ ግቢው ውስጥ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ “ዛሬ ምን ተማርክ? ለኔ በሚገባኝ ንገረኝ” ማለት ጀመሩ። ልጁ ሲያድበሰብስ በድምፁ ያውቁበታል። “እሱን አልያዝከውም፣ ተወውና ጠዋት እየው” ይሉታል። ሌሊት 11 ሰዓት ከኒሙ ሥር የሚያየው እሱን ነው።

ለትንሹ የሁለተኛ ክፍል ልጅ የምንፈልገው ሌላ ነው። የቤት ሥራ ጥናት ላይ ስሙ የሚነሳው ሃሪስ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ግምገማ የቤት ሥራና ውጤት ይበልጥ ተያይዘው የታዩት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ በታችኞቹ ክፍሎች ግንኙነቱ ደካማ ነው። እሱን በብዙ የቤት ሥራ ማስጨነቅ አልፈለግንም። አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ለአያቱ ያነባል፣ ያበቃል። ማንበብ ከያዘ ሌላው ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ እኔን የሚያስፈራኝ ከእህቴ 3.3 ይልቅ ይሄ ነው። የ12ኛ ክፍሉ ውድቀት የሚጀምረው እዚህ ነውና።

ደብተሩ የሠራተኛው ሒሳብ ሲዘጋ ተመለሰ፤ ጫፉ በዘይት ርሷል፣ የኋላ ገጾቹ ለማስረጃ ተቀደው ቀርተዋል። ፈተናውን ያለ ደብተር ነው የተፈተነው፤ ወባን አንድም አልሳተም፣ ከዚያ በፊት ክፍል ባልነበረበት ሳምንት የተማሩትን ግን ስቷል። መምህሩ የካላዛሩን ጥያቄ ተቀብሎ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቶበታል። አባትየው ለመዝገብ የሚሆን ወፍራም ደብተር ገዝቷል። የወረዳው ትምህርት ቤቶች በኅዳር መጨረሻ ለማሳ ተመላሾች የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች የሚከልሱበት ሁለት ሳምንት ቢመድቡ ስል ለወላጅ ኮሚቴ አባል ለሆነ ጎረቤት ነግሬያለሁ፤ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ ብሏል። በመጪው መስከረም ግን ልጁ ማሳ ይሄዳል ወይስ አይሄድም በሚለው ባልና ሚስት አልተስማሙም። እሱ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይላል፤ የጉልበት ዋጋ ተወዷል፣ ሰሊጡ ከረገፈ ለትምህርት የሚከፈለውም ከየት ይመጣል ይላል። እሷ ቅዳሜም ይቅር ትላለች። አማትየው ጣልቃ ገብተው፣ “ይሂድ፣ ግን ከበለሳው ልጅ ጋር አንድ ካምፕ አድርጉት” ብለዋል።