ሐምሌ እስከ ካሊፎርኒያ

ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ደኅንነቴን ጠይቆ ሳይጨርስ «ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል?» ይለኛል። ይህን ጥያቄ የምሰማው ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ጋቢ ተከናንቤ፣ እግሬን ብርድ ልብስ ውስጥ ቀብሬ ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ከተማው ሳን ፍራንሲስኮ፣ ግዛቱ ካሊፎርኒያ። አዎ፣ ያ በፊልም የምናውቀው፣ ሰው ሁሉ በቁምጣ የሚሮጥበት ካሊፎርኒያ።

ሻንጣ የሚዘጋጀው በተጓዡ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሻንጣ የቤተሰብ ጉባኤ ጉዳይ ነው። አንዷ አክስት ሚዛን ትይዛለች፣ ሌላዋ ትጨምራለች፣ ጋሼ ከሶፋቸው ሳይነሱ ይፈርዳሉ። 23 ኪሎ ደግሞ 23 ኪሎ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ቆሎው፣ ላላየኋቸው ሰዎች አድርስ የተባልኩት ፌስታል ሁሉ ከገባ በኋላ ካፖርቴ ቦታ አጣ። «ካሊፎርኒያ ለሚሄድ ልጅ ካፖርት ምን ይሠራለታል?» አሉ ጋሼ። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለም፤ ካፖርቱ ወጣ፣ ሚጥሚጣ ወረሰው። ጋቢው የተረፈው ለቤተ ክርስቲያን ይሆነዋል ተብሎ ነው እንጂ ለብርድ ታስቦ አይደለም።

የብርዱን ምክንያት አጥንቼዋለሁ፤ ሌላ ምን እሠራለሁ? የፓስፊክ ውቅያኖስ እዚህ ዳርቻ ላይ ቀዝቃዛ ነው። ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ ጅረት አለ፤ ነፋሱም የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው እያራቀ ከሥር የባሰ ቀዝቃዛ ያወጣል። እርጥብ አየር በዚያ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል። ጉሙ ባሕሩ ላይ ቢቀር ደግ ነበር። ግን ወደ ውስጥ፣ ሳክራሜንቶ ያለችበት ሸለቆ በበጋ እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል፤ የጋለው አየር ሽቅብ ሲወጣ ከባሕር የቀዘቀዘውን ይስባል። የዳርቻውን ተራሮች ሰንጥቆ የሚያስገባው ትልቁ በር ጎልደን ጌት ነው። በሩ ላይ የተከራየሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እንግዲህ እኔን የሚበርደኝ ሌላው ስለሞቀው ነው ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በጋለች ቁጥር እኔ እንቀጠቀጣለሁ።

ይህ ጉም ስም አለው፤ ካርል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ግድም አንድ ቀልደኛ በትዊተር ላይ ያወጣለት ስም ነው፤ ከተማው ተቀብሎ አጸደቀው። «ካርል ዛሬ አርፍዷል» ይላሉ፣ ከሥራ እንዳረፈደ ባልደረባ። እንጦጦ ላይ ጉም ሲወርድ ስንት ዘመን አየን፤ ስም አውጥተንለት እናውቃለን? ስም ካወጡ ክርስትና ማንሳት ይመጣል፣ ክርስትና ካነሱ ድግስ ይመጣል። የዘመድ እጥረት ያለበት ነው እንዲህ የሚያደርገው።

በቀደም ጋሼ ደወሉና «ለመሆኑ ስንት ዲግሪ ነው?» አሉኝ። ስልኬን አየሁና «58» አልኳቸው። ዝም አሉ። ወዲያው «በስመ አብ! ልጁን ጠበሱት እኮ!» ብለው ወደ ጓዳ ሲጮኹ ሰማሁ። የዚህ አገር ዲግሪ ሌላ መሆኑን፣ በፋራናይት 58 ማለት በእኛ 14 ከምናምን መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። «ዲግሪ ዲግሪ ነው» ብለው ዘጉት። እውነት ለመናገር አይፈረድባቸውም። በዓለም ከተመዘገበው የአየር ሙቀት ሁሉ የላቀው 56.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የተመዘገበውም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1913 ዴዝ ቫሊ በሚባል በረሃ ነው። ዴዝ ቫሊ የት ይገኛል? ካሊፎርኒያ! በጋሼ ስሌት እኔ ያንን ክብረ ወሰን ሰብሬ፣ በሕይወት ኖሬ፣ ስልክ አነሳለሁ።

ይህ ፋራናይት የሚባል ሰው ማን ነው ብዬ ጋቢዬ ውስጥ ሆኜ ፈለግሁት። ያኔ ዳንትሲሽ ትባል በነበረች፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለች የወደብ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1686 ተወለደ። በ15 ዓመቱ እናትና አባቱ መርዛማ እንጉዳይ በልተው ባንድ ቀን ሞቱበት፤ ስለዚህ ብዙ ልጨክንበት አልፈልግም። ግን በረዶ፣ ውሃና አንድ ዓይነት ጨው ደባልቆ፣ የድብልቁን ቅዝቃዜ «ዜሮ» ብሎ ሰየመ። የሰውን ገላ ሙቀት 96 አለው። ለምን 96? መቶ ቢለው ማን ይከሰው ነበር? ከዚህ ሁሉ በኋላ ውሃ በ32 በረዶ ይሆናል፣ በ212 ይፈላል ተብሎ ቀረ፤ ይህንንም ተቀብሎ የሚኖር ትልቅ አገር ተገኘ።

ሴልሺየስስ ቢሆን? ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ ገልብጦት ነበር፤ ውሃ የሚፈላበትን ዜሮ፣ በረዶ የሚሆንበትን 100 ብሎ። የተገለበጠውን ያቀኑት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ምነው ባልነኩበት! በዚያ መለኪያ ብርዱ ሲብስ ቁጥሩ ይጨምራል። ዛሬ ጋሼ ሲጠይቁኝ «86» እላቸው ነበር፤ ነገ ሲብስብኝ «90»። መከራን እንደሚገባው የቆጠረ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም አላስቀጠሉትም።

ብርድ ደግሞ ማዕረግ እንዳለው የተረዳሁት እዚህ ነው። ሚኒሶታ ላለ ወዳጅህ «በረደኝ» ብትለው ይስቅብሃል፤ እሱ ዘንድ ከዜሮ በታች 20 ካልተደረሰ ብርድ አይባልም። አከራዬም ማሞቂያውን ዘግታዋለች፤ በጋ ነው አለችኝ።

እንግዲህ በማን ልናደድ? ፋራናይት ሞቷል፣ ካርል ጉም ነው። ቀድመውኝ የመጡት ያገሬ ሰዎችስ? እነዚያ ለበዓል ቦሌ ሲወርዱ ጥቁር መነጽር ሰክተው፣ ጉርድ እጅጌ ለብሰው የምንቀበላቸው? የጎልደን ጌት ድልድይ ፊት ለፊት ቆመው የሚልኩት ፎቶ አለ አይደል፣ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ክንዳቸው ራቁት? እኔ ሲነሱት አይቻለሁ። አንዱ ጃኬቱን አውልቆ ለጓደኛው አሲዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፈገግ ብሎ ተነሳና ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ መልሶ ለበሰው። ስለ ብርዱ የዋሸ ስለ ቤት ኪራዩ እውነት ሊናገር ነው? ስለ ሌሊት ፈረቃው? የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚያነጋው ሌሊት? አገር ቤት ያለው ወንድሙ ያንን ፎቶ አይቶ፣ ተበድሮ፣ ልጁን ይልካል፤ ልጁም መጥቶ ጃኬቱን አውልቆ ይነሳል። «ሹራብ ያዝ» ማለት ምን ያህል ያስከፍላል? ሁለት ቃል ነው! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ሁለት ቃል መተንፈስ አቃተው?

ንዴት ያሞቃል መሰለኝ፣ ጋቢውን ገለጥ አደረግሁ።

ለነገሩ እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቱሪዝም ኃላፊው ሀብተሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን «የ13 ወር ፀሐይ አገር» ብለው ለዓለም አስተዋወቋት፤ መፈክሩም ለአሥርተ ዓመታት አገለገለ። የፈረንጅ ረጅም ዕረፍት የሚውለው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ፒያሳ አንድ ሱቅ ጥላ ሥር፣ በቁምጣ ቆሞ፣ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያየሁት ፈረንጅ ትዝ ይለኛል። ያኔ ስቄበታለሁ። ወራቱን እየቆጠረ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕሩ አፍ ላይ ተቀምጣ፣ የሁለቱም የሐምሌ ቀን ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ እምብዛም አይርቅም። ሰትሮ የሚባለው ኮረብታ ላይ ስወጣ ደግሞ የሚሸተኝ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ያው የእንጦጦው ነጭ ባሕር ዛፍ። ካርል ቅጠሉን ያረጥበዋል፣ ቅጠሉ አንገቴ ላይ ያንጠባጥባል። ውቅያኖስ ተሻግሬ እንጦጦ!

ይህች ከተማ በእኛ የዘመን አቆጣጠር የምትመራ ይመስለኛል። በሐምሌ ጨፍግጋ ትከርምና የምትሞቀው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ነዋሪዎቿ ራሳቸው በጋችን ያኔ ነው ይላሉ። የጎደላት ጳጉሜ ነው። በሩፋኤል ዕለት ልጆች የሚጠመቁበት ዝናብ እዚህ የለም፤ በዚያ ሰሞን ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። ከባሕር ዛፉ የሚንጠባጠበው የካርል ውሃ እንደ ሩፋኤል ዝናብ ይቆጠር እንደሆነ አባን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ኦክላንድ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ስላለ የጥያቄዬ ነገር የሚገባቸው አይመስለኝም።