እስቲ መቀሱን አምጪው

ከልጅ እጅ መቀስ የምነጥቅ ሰው ነኝ። ሲጠይቁኝ «ጣቷን እንዳትቆርጥ ብዬ ነው» እላለሁ፤ ባለቤቴ ግን አንድም ቀን አምናኝ አታውቅም። መቀሱ ጫፉ የደነዘ የልጆች መቀስ ነው፤ እንኳን ጣት፣ ካርቶንም በልመና ነው የሚቆርጠው። እውነቱን ከተናገርኩ፣ ልጄ የጀመረችው የጅብ ፊት ከኔው ሊበልጥ መሆኑ ስለታየኝ ነው።

ትምህርት በተዘጋ ሰሞን ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ተጥደው እንዳይውሉ ተብሎ፣ ቤት ውስጥ ከሚጣለው ነገር የእንስሳት ፊት እየሠሩ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ተጀመረ። ሐሳቡ የባለቤቴ ነው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ወጪ የለውም። የብስኩት ካርቶን ፊት ይሆናል። የእንቁላል ትሪ ጉብታው ተቆርጦ ሲለጠፍ ወጣ ያለ አፍና አፍንጫ ይወጣዋል፤ ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው ቱቦ ለሁለት ተሰንጥቆ ጆሮ ነው፤ የለስላሳ ቆርኪ ዓይን ነው። ኮላም አይገዛም፤ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ በጥብጦ፣ እሳት ላይ እስኪወፍር ማማሰል ብቻ። ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ የበተነ ሰው ግን ጓጉሎ ይቀርበታል።

ይህን ሁሉ ልጆቹ ያለኔ ይሠሩታል። ችግሩ እኔ አጠገባቸው መቀመጤ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኔም የሥዕል አስተማሪዬ ደብተሬን እያገላበጡ የቱ ወደ ላይ እንደሆነ ይፈልጉ እንደነበር የማያውቁ ልጆች ሳገኝ፣ ሊቅ ነኝ ብዬ አረፍኩት።

«አንበሳውን ለኔ ተዉት» አልኩ። ምክንያት ነበረኝ፤ ያደግኩት ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ አጠገብ ነው። ግቢው በ1948 እ.ኤ.አ. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መቋቋሙን፣ የዚያ አንበሶች ጎፈር ጠቆር ብሎ ከአንገት አልፎ ደረትና ሆድ ድረስ እንደሚወርድ፣ ልጆቹ ሳይጠይቁኝ አስተማርኳቸው። አፌ ነው ያጠፋኝ። ሆድ ድረስ የሚወርድ ጎፈር ካሉ በኋላ በትንሽ ክር መገላገል የለም፤ ብዙ ቃጫ ያስፈልጋል። ቃጫ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ያለው እናቴ ለፋሲካው በግ ማሰሪያ በገዛችው ገመድ ላይ ብቻ ነው። ግማሹን ፈትቼ አበጠርኩት። በቀረችው አጭር ገመድ የታሰረው በግ ሳብ ሲያደርጋት ተፈታች፤ በጉም የጓሮውን ጎመን እስከ ግንዱ ጨረሰው። እናቴ ገመዱን ማን እንደነካ ስትጠይቅ ዓይኔ ወደ ልጆቹ ሄደ። አፌ ምንም አላለም፤ ዓይኔ ግን ሄደ።

ቢጫው ቀለም ከእርድ ነው፤ ኮላው ውስጥ ሲበጠበጥ ደህና ይይዛል። ከእርድ ወደ በርበሬ መሸጋገር ግን ከኔ በቀር ማንም አያስበውም። ጭላዳ ዝንጀሮ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፤ ያንን ለማሳየት በርበሬ በማንኪያ ዛቅ አድርጌ ነሰነስኩበት። ቀይ ስር ቀቅሎ ውሃውን መቀባት እንደሚቻል ትዝ ያለኝ፣ ቤተሰቡ በሙሉ እያነጠሰ በረንዳ ከወጣ በኋላ ነው።

አንበሳውን ረሳሁት። ትንሹ ልጄ የ1 ብር ሳንቲም አምጥቶ፣ እላዩ ላይ ያለውን የአንበሳ ራስ ከኔው አንበሳ ጉንጭ አጠገብ ደግኖ ሁለቱን ሲያስተያይ ቆየ። «አባዬ፣ አንበሳ ይሄ ነው። ያንተ ድመት ነች፤ ደግሞ ብርድ ይዟታል።»

የበጉ ፊት ከዚህም ይብሳል። ቆርኪዎቹን ፊት ለፊት ደርድሬ፣ መሃላቸው ክብ ጥቁር ነጥብ አድርጌ ራቅ ብዬ ሳየው፣ ብድር ሊጠይቅ የመጣ ሰው መስሏል። ልጄ ምንም ሳትለኝ ግቢ ወጣች። በጉ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ እሱ ሲያመነዥክ እሷ ዓይኑን ስታየው ቆየች። ተመልሳ «ዓይኑ ውስጥ ያለው ጥቁር ክብ አይደለም፤ የተጋደመ ነው። ዓይኖቹም እንደኛ ፊት ለፊት አይደሉም፣ በጎንና በጎን ናቸው» አለችና ቆርኪዎቹን ነቅላ ወደ ጠርዝ ወሰደቻቸው።

እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ስልኬን ከፈትኩ። እውነቷን ነው። ሣር የሚግጥ እንስሳ አዳኙን ከየአቅጣጫው ማየት ስላለበት ዓይኑ በጎን በኩል ነው፤ የተጋደመው ብሌን ዙሪያውን በሰፊው ያሳየዋል፤ ሊግጥ ሲያጎነብስም ዓይኑ ራሱ ስለሚዞር ብሌኑ ከመሬት ጋር ትይዩ እንደሆነ ይቆያል። ወጣሁና ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አስመስዬ አስረዳሁ።

«ታዲያ ለምን ክብ አደረግከው?» አለችኝ።

«ልፈትንሽ ብዬ ነው» አልኳት።

የሌሊቱ ሥራዬ ደግሞ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ቤት ሞኙም ወረቀቱም አንድ ላይ ተገናኝተዋል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ የልጄን ጅብ ከግድግዳ አወረድኩት። ጆሮዎቹ ክብ ናቸው። ክብ ጆሮ ለዓይኔ ስላልጣመኝ ሁለቱንም ሹል አድርጌ ከረከምኳቸው፤ ያውም በትልቁ መቀስ፣ ያውም ላሻሽልላት ብዬ። ጠዋት አይታው አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ማነው ቀበሮ ያደረገው?» አለች። ጥብቅና ቆምኩ፤ አገራችን ውስጥ ባለ መስመር ጅብም አለ፣ የሱ ጆሮ ሹል ነው አልኩ። ይህንንስ አልዋሸሁም። እሷ ግን በቡና አተላ አንድ በአንድ ያኖረቻቸውን ነጠብጣቦች በጣቷ አሳየችኝ። ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ጆሮው ክብ ነው።

ከዚያ ወዲህ መቀስ አይሰጠኝም። ኮላ አማሳይ ተደርጌያለሁ፤ «ሲጓጉል ጥራኝ፣ ራስህ ምንም እንዳታደርግ» ተብያለሁ። ዛሬ ጓጉሏል፤ ቶሎ እንዲደርስ ብዬ ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ በተንኩት። አልጠራኋትም። በእናቴ አዲስ ወንፊት ላጠለው ጓዳ ገብቼ መደርደሪያውን ስጎረጉር፣ እናቴ ከኋላዬ «ምን ፈልገህ ነው?» አለችኝ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ልጆቹን ፈለገ፤ አንዳቸውም በአካባቢው አልነበሩም።